ባህል በጤና አጠባበቅ ላይ ያለው ድርሻ፤ የፓስፊክ ደሴቶች ሕዝቦች እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ስለ ጤና በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበን ሐኪሙ፣ መድኃኒቱና ሆስፒታሉ ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛው ከሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት በቤቱ ውስጥ ብዙ ጉዳዮች ተወስነው ያልቃሉ። የተሰማው ነገር ሕመም ነው ወይስ ድካም? መንስኤውስ ምንድን ነው? ወደ ማን ይወሰድ? ይህንን የመወሰን ሥልጣንስ የማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን ሰውየው ተወልዶ ካደገበት ባህል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶችን ሕዝቦች በምሳሌነት በመውሰድ ባህል በጤናና በሕክምና አገልግሎት ላይ ያለውን ድርሻ ማብራራት ነው። እነዚህ ሕዝቦች የተመረጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣ በሽታና ከውጭ የመጣ ሕክምና በአጭር ዘመን ውስጥ ተከታትለው ስለደረሱባቸው ባህልና ሕክምና ሲገናኙ የሚሆነው ነገር በግልጽ ይታይባቸዋል። ሁለተኛ፣ ከመካከላቸው የወጡ ሐኪሞችና ነርሶች በጉዳዩ ላይ በጥልቅ አስበው ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ የሚሆን ትምህርት አበርክተዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

1. ሕዝቦቹና አገሮቻቸው

የፓስፊክ ደሴቶች በተለምዶ በሦስት ይከፈላሉ። ሳሞዋ፣ ቶንጋ፣ ሃዋይና የማኦሪ ሕዝብ የሚኖርባት ኒው ዚላንድ በፖሊኔዥያ ውስጥ ይመደባሉ። ፊጂ፣ ቫኑዋቱ፣ የሰሎሞን ደሴቶችና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሜላኔዥያ ሲባሉ፣ ናውሩ፣ ኪሪባቲና የማርሻል ደሴቶች ደግሞ የማይክሮኔዥያ ክፍል ናቸው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ብቻ ከ800 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ስለዚህ «የፓስፊክ ባህል» የሚባል አንድ ወጥ ነገር አለ ብሎ ማስተማር ከመጀመሪያው ስሕተት ላይ ይጥላል። በዚህ ጽሑፍ በይበልጥ የምንመለከተው የሳሞዋንና የማኦሪን ሕዝብ ነው፤ ከፊጂ፣ ከቶንጋና ከሃዋይም አንዳንድ ምሳሌዎችን እንጨምራለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የደሴት ሰዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ኒው ዚላንድ ፈልሰዋል። ከኒውዌና ከቶኬላው ደሴቶች ተወላጆች መካከል በኒው ዚላንድ የሚኖሩት በደሴቶቹ ከቀሩት ይበልጣሉ። ስለሆነም የባህልና የሕክምና ጥያቄ በመንደር ብቻ ሳይሆን እንደ ኦክላንድ ባሉ ታላላቅ ከተሞች ሆስፒታሎችም በየዕለቱ ይነሣል።

2. ጤና ማለት ምን ማለት ነው?

በሳሞዋ ቋንቋ «ፋኑዋ» የሚለው ቃል ምድርንም እንግዴ ልጅንም ይጠራል። በማኦሪ ቋንቋም «ፌኑዋ» የሚለው ቃል እንዲሁ ሁለቱንም ትርጉም ይዟል። ሕፃን ሲወለድ እንግዴ ልጁን በቤተሰቡ መሬት መቅበር የቆየ ልማድ ነው፤ ልጁ ከምድሩና ከዘመዶቹ ጋር የተሳሰረ መሆኑ በዚሁ ይረጋገጣል። ከዚህ አንድ ቃል ብቻ እንኳ አንድ ሰው ጤነኛ ነው የሚባለው አካሉ ስላልታመመ ብቻ እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል።

ይህንን አስተሳሰብ በሥርዓት ካስቀመጡት አንዱ የማኦሪ ተወላጅ የሆኑት የአእምሮ ሐኪም ሜሰን ዱሪ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባቀረቡት ማብራሪያ ጤናን አራት ግድግዳ ባለው ቤት መስለውታል። ግድግዳዎቹም መንፈስ፣ አእምሮ፣ አካልና ቤተሰብ ናቸው፤ አንዱ ቢዘም ቤቱ በሙሉ ይናጋል። በሳሞዋ በኩል ደግሞ ፉዪማኦኖ ካርል ፑሎቱ-ኤንደማን «ፎኖፋሌ» የተባለውን ምሳሌ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አዳብረዋል። ይህም ክብ የሆነውን የሳሞዋ ቤት የተከተለ ነው። ወለሉ ቤተሰብ፣ ጣሪያው ባህል ነው፤ በመካከላቸው ያሉት አራት ምሰሶዎች አካላዊ፣ መንፈሳዊና አእምሯዊ ጤና እንዲሁም እንደ ጾታ፣ ዕድሜና ሥራ ያሉ ሌሎች ሁኔታዎች ናቸው። ቤቱን ዙሪያውን የከበቡት ደግሞ አካባቢው፣ ጊዜውና ወቅታዊው ሁኔታ ናቸው።

በእነዚህ ምሳሌዎች ቤተሰብ ከበሽተኛው ውጭ ያለ አጋዥ ሳይሆን የጤናው አንድ አካል ነው። በተግባርም የሚታየው ይኸው ነው። በሳሞዋ ሰፊው ቤተሰብ «አይንጋ» ሲባል፣ በቤተሰቡ ተመርጦ የማዕረግ ስም የሚሰጠው አለቃ «ማታይ» ይባላል። ከባድ ሕክምና የሚያስፈልግ ሲሆን በሽተኛው ብቻውን ወስኖ መፈረሙ ለሐኪሙ ተገቢ ቢመስለውም፣ ለቤተሰቡ ግን ዘመድን ያለመቁጠር ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የተከበረን ሰው ፊት ለፊት መቃወም ነውር ስለሆነ፣ በሽተኛው ያልገባውን ምክር በእሺታ ተቀብሎ ይወጣል። ሐኪሙም እሺታውን ስምምነት አድርጎ ይመዘግበዋል።

3. የሕመም መንስኤና የባህል ሐኪሞች

የሳሞዋ ሰዎች ሕመምን በሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ «ማኢ ሳሞዋ»፣ ማለትም የሳሞዋ በሽታ ሲሆን፣ ሌላው «ማኢ ፓላንጊ»፣ ማለትም የፈረንጅ በሽታ ነው። ለምሳሌ ያህል በእምብርት አካባቢ «ቶአላ» የሚባል የሰውነት ማዕከል አለ ተብሎ ይታመናል። ይህ ከቦታው ሲንቀሳቀስ ሰውየው ይታመማል፤ «ፎፎ» የሚባለው የባህል ሐኪም በማሸት ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በዘመድ መካከል ከተነሣ ጠብ ወይም ከሙታን መንፈስ ቁጣ የመጣ ነው የሚባል ሕመምም በባህሉ ሐኪም ይታያል። ከውጭ መጡ የሚባሉ በሽታዎችና ቀዶ ጥገና የሚሹ ሕመሞች ግን የሆስፒታሉ ድርሻ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ሁለቱም ቢሄድ ከራሱ ጋር የተጋጨ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሕመም ተገቢ ነው ያለውን መፍትሔ ፈልጓል።

አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ወገኖች ሳይነጋገሩ የቀሩ እንደሆነ ነው። ሐኪሙ «ሌላ መድኃኒት ወስደሃል?» ብሎ በንቀት ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «አልወሰድኩም» የሚል ነው። በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ምሳሌው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሽተኛውን ወደ መደበቅ የገፋው የጠያቂው አነጋገር ሊሆን እንደሚችል አብሮ መታየት አለበት።

ለዚህ የኒው ዚላንድ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በ1907 የወጣው ሕግ «ቶሁንጋ» የሚባሉትን የማኦሪ ባህል ሐኪሞች ከልክሎ ነበር። ሕጉን ከደገፉት መካከል ራሳቸው የማኦሪ ተወላጅ የሆኑ ሐኪም፣ ማዊ ፖማሬ፣ ነበሩ፤ በወረርሽኝ የሚያልቀው ሕዝባቸው ያሳስባቸው ነበርና። ይሁን እንጂ በሕጉ የተከሰሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ሥራው ከሰው ዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። ሕጉም በ1962 ተሻረ። ይኸው ሐኪም ፖማሬና የሙያ ባልደረባቸው ቴ ራንጊ ሂሮዋ በሌላ መንገድ የሠሩት ሥራ ግን ሕዝቡ የተቀበለው ነበር፤ ይኸውም በ1900 በወጣ ሕግ በተቋቋሙት የማኦሪ ምክር ቤቶች አማካይነት፣ በየመንደሩ እየተዘዋወሩ፣ በራሱ ቋንቋና በራሱ የስብሰባ ሥርዓት ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ማስተማራቸው ነው። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ዘመን፣ በክልከላና በውይይት ያገኙት ውጤት የተለያየ መሆኑ ለዕቅድ አውጪ ትልቅ ትምህርት ነው።

የባህል ሐኪሞች እውቀት ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነም መጥቀስ ይገባል። በሳሞዋ «ማማላ» የተባለውን ዛፍ ቅርፊት ባለ መድኃኒት ሴቶች ለጉበት በሽታ ይጠቀሙበት ነበር። ከዚህ ቅርፊት ተመራማሪዎች ፕሮስትራቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው በኤች.አይ.ቪ. ላይ ያለውን ጠባይ ሲያጠኑ፣ ወደፊት ከሚገኘው ጥቅም ለሳሞዋ ሕዝብ ድርሻ እንዲሰጥ ውል ተፈርሟል።

4. ምግብና የሰውነት መልክ

በቶንጋ፣ በሳሞዋና በፊጂ ምግብ ፍቅርና ክብር የሚገለጥበት ዋና መንገድ ነው። ለእንግዳ፣ ለቀብር፣ ለሠርግ፣ ከእሑድ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ለሚደረገው የቤተሰብ ማዕድ የሚቀርበው ምግብ ብዛት የቤተሰቡን ክብር ይናገራል። ወፈር ያለ ሰውነትም ሰውየው የሚንከባከቡት ዘመዶች እንዳሉት ያሳያል፤ ሰው ቢከሳ የሚወቀሱት ቤተሰቦቹ ናቸው።

ሆኖም ባህሉ ብቻውን የስኳር በሽታን አላመጣም። ቀድሞ ማዕዱ ላይ ይቀርብ የነበረው ጎደሬ፣ ቦዬ፣ የዳቦ ፍሬ፣ ኮኮናትና ዓሣ ሲሆን፣ በኋላ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ፣ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ከውጭ የሚገባ ስብ የበዛበት ሥጋ ተተካ። የመጋበዙ ሥርዓት ሳይለወጥ የሚጋበዘው ነገር ተለወጠ ማለት ነው። መንግሥታትም ይህንን ተገንዝበው ነበር፤ ፊጂ በ2000 ስብ የበዛበት የበግ ጎድን እንዳይገባ ስትከለክል፣ ሳሞዋ በ2007 የተርኪ ዶሮ ጭራ እንዳይገባ ከልክላለች። ዳሩ ግን ሳሞዋ በ2012 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን ክልከላውን እንድታነሣ ተጠይቃለች። ስለዚህ «አመጋገባችሁን ለውጡ» የሚለው ትምህርት የቤተሰቡን ማዕድ ብቻ ሳይሆን ማዕዱ ላይ ምን እንደሚደርስ የሚወስነውን ንግድ ጭምር ማየት አለበት።

ባህልን የመፍትሔው መሠረት ማድረግ እንደሚቻል የሃዋይ ምሳሌ ያስረዳል። ሐኪም ቴሪ ሺንታኒ በዋያናኤ ከ1989 ጀምሮ ባካሄዱት ፕሮግራም 20 የሃዋይ ተወላጆች ለ21 ቀን ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ የዳቦ ፍሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥቂት ዓሣና ዶሮ እስኪጠግቡ ተመገቡ። አብረው ይመገቡ፣ ስለ አባቶቻቸው አኗኗርም አብረው ይማሩ ነበር። በአማካይ 7.8 ኪሎ ቀነሱ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮልም በ14 በመቶ ወረደ። በቶንጋም ንጉሥ ታውፋአሃው ቱፑ አራተኛ፣ ቀድሞ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝኑ የነበሩት፣ በ1990ዎቹ ክብደታቸውን በብዙ ቀንሰው ለሕዝባቸው አርአያ ሆነዋል። ታላቅ ሰውነት የአለቃ ምልክት በሆነበት አገር ንጉሡ ራሱ ሲቀንስ ከሐኪም ስብከት ይልቅ ይሰማል።

በአንጻሩ ከውጭ የመጣ አዲስ አመለካከት ሌላ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልም ታይቷል። በፊጂ ናድሮጋ አካባቢ ቴሌቪዥን በ1995 ሲገባ በተማሪ ልጃገረዶች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከመቶ 11 ያህሉ ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። የሰውነት መልክ ትርጉም በአንድ ትውልድ ሳይሆን በሦስት የትምህርት ዓመት ውስጥ ሊለወጥ እንደሚችል መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል።

5. መተማመን ሲኖርና ሲጠፋ

በእኛ አገር «የኅዳር በሽታ» የሚባለው የ1918 ወረርሽኝ በዚያው ወር ወደ ሳሞዋም ገብቶ ነበር። «ታሉኔ» የተባለችው መርከብ በኖቬምበር 7 ቀን ከኒው ዚላንድ ተነሥታ አፒያ ስትደርስ ሕሙማን እንዲወርዱ ተፈቀደ። በኒው ዚላንድ ትተዳደር በነበረችው ምዕራብ ሳሞዋ ወደ 8 ሺህ 500 ሰው፣ ማለትም ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ አለቀ። በአጠገቧ ያለችው የአሜሪካ ሳሞዋ ግን ወደቧን በመዝጋቷ አንድም ሰው አልሞተባትም። የኒው ዚላንድ መንግሥት ለዚህ ጥፋት ይቅርታ የጠየቀው በ2002 ነው። ለሳሞዋ ቤተሰቦች በሽታው የመጣው ከባሕር ማዶ ሲሆን፣ ያስገባው ደግሞ ጤናን እጠብቃለሁ ይል የነበረው አስተዳደር ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ የተጀመሩት የሴቶች የጤና ኮሚቴዎች መተማመኑን ለማደስ ረድተዋል። ኮሚቴዎቹ የቆሙት በመንደሩ የማዕረግ ሥርዓት ላይ ነው፤ የአለቆች ሚስቶችና የመንደሩ ሴቶች ልጆች ተሰባስበው የቤቶችን፣ የምንጮችንና የመጸዳጃዎችን ንጽሕና ይቆጣጠራሉ፤ ነርሷ ስትመጣ ሕፃናትን ሰብስበው ያስመዝናሉ፤ ቸል ያለ ቤተሰብ በመቀጫ ይቀጣል። ደንቡ አዲስ ቢሆንም የሚያስከብሩት ግን የሚታወቁና የሚከበሩ ሰዎች ስለነበሩ ተከበረ።

መተማመን በቀላሉ እንደሚጠፋ ደግሞ የቅርቡ ታሪክ ያሳያል። በጁላይ 2018 ሁለት ነርሶች የኩፍኝ ክትባትን በውኃ ፈንታ በሌላ መድኃኒት በመበጥበጣቸው ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ፤ እንደገና ሲጀመርም ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማምጣት ፈሩ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ክትባት ያገኙት ሕፃናት 31 በመቶ ያህል እንደነበሩ ተገምቷል። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ሲገባ፣ 200 ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት አገር ከ5 ሺህ 700 በላይ ሰዎች ታመው 83 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

እነዚህ ወላጆች «በባህል ኋላ ቀርነት» ክትባትን አልተቀበሉም ማለት እውነትን መሳት ነው። የፈሩት በዓይን የታየ ሞትን ነበር። የተመለሱትም አገልግሎቱ ወደ ቤታቸው በመጣ ጊዜ ነው። በዲሴምበር 5 እና 6 መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን ዘግቶ፣ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤተሰብ በደጁ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ጠየቀ፤ የክትባት ቡድኖች በየቤቱ እየዞሩ ከተቡ። በወሩ መጨረሻ የተከተቡት 95 በመቶ ገደማ ደረሱ። ጥሪው የቀረበው ለግለሰብ ሳይሆን ለቤት፣ ለቤተሰብ እንደነበር እናስተውል።

6. ባህልን ያለ አግባብ መውቀስ

ባህልን መመልከት ተገቢ ቢሆንም ለሁሉ ነገር ምክንያት ማድረግ ግን አይገባም። በኒው ዚላንድ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት በማኦሪና በፓስፊክ ተወላጆች ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ በዝቶ ይታያል። በሽታው የሚነሣው በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን፣ በጠባብና በእርጥብ ቤት ብዙ ሰው ተጨናንቆ ሲተኛ በቀላሉ ይዛመታል። ዘመድን በቤት ማስጠጋት ባህል ነው፤ ቤቱ ጠባብ መሆኑ ግን የኪራይና የደመወዝ ጉዳይ ነው። በ2011 የተጀመረው መርሐ ግብር ጉሮሯቸውን የታመሙ ተማሪዎች እዚያው በትምህርት ቤታቸው እንዲመረመሩና እንዲታከሙ ያደረገውና በኋላም የቤት ሁኔታን ማሻሻል የጨመረው ይህንኑ በመረዳት ነው።

7. ለባለሙያዎች ሥልጠና የተገኘው ትምህርት

በማኦሪ ባህል ራስ የተቀደሰ ነው። ስለዚህ የራስ ትራስ መቀመጫ አይደረግም፤ የሽንት ዕቃ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ የሞተ ሰው አስከሬንም ብቻውን አይተውም። እነዚህን ልማዶች ዘርዝሮ ለነርስ ተማሪዎች ማስጠናት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በ1988 በክራይስትቸርች በተደረገ ስብሰባ አንዲት የማኦሪ ነርስ ተማሪ፣ ስለ ሕግና ስለ ሙያ ደኅንነት ስንማር የባህል ደኅንነትስ ወዴት አለ የሚል ጥያቄ አነሣች። ነርስና መምህርት ኢሪሃፔቲ ራምስደን ይህንን ጥያቄ ይዘው ትምህርቱን አዳበሩት፤ የኒው ዚላንድ የነርሶች ምክር ቤትም በ1992 በነርሶችና በአዋላጆች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ጊዜ ይሻማል የሚሉ ተቃዋሚዎች በጋዜጣ ብዙ ቢጽፉበትም ትምህርቱ ጸንቶ ቆይቷል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተማሪዋ የሌላውን ልማድ ከማጥናቷ በፊት የራሷን ባህል፣ ግምትና ሥልጣን እንድትመረምር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ ክብርን የጠበቀ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። የልማድ ዝርዝር የተሸመደደለት ሰው አንዱን የሳሞዋ ሰው ከሌላው ሳይለይ ሊያስተናግድ ይችላል፤ መጠየቅን የተማረ ግን ያላጠናውን ሕዝብ እንኳ በአግባቡ ያገለግላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከቱት ምሳሌዎች የምንደርስበት መደምደሚያ፣ ባህል ከሕክምና መንገድ ላይ ሊወገድ የሚገባው እንቅፋት ሳይሆን ሕክምናው ራሱ የሚያልፍበት መንገድ መሆኑ ነው። በመንገዱ ለሄደበት የሴቶቹ ኮሚቴና የዋያናኤ ማዕድ ፍሬ አፍርተዋል፤ በክልከላ ለመሻገር ሲሞከር ግን ሰውየው ይሸሸጋል።

በመሆኑም የጤና ትምህርት የሚያስተምር መምህር ወይም የሚያዘጋጅ ዕቅድ አውጪ በሚሠራበት አካባቢ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። በዚህ አካባቢ ጤናማ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅ ሲታመም የሚወስነው ማን ነው? ሕዝቡ የሚያምነው የማንን ቃል ነው፤ እምነቱስ ተጎድቶ ከሆነ በምን ምክንያት ተጎዳ? ችግሩ በእርግጥ የባህል ነው ወይስ የቤት፣ የገቢና የገበያ? መልሱ ከመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው ጠይቀው ወደ ክፍል ሊያመጡት የሚችሉት ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የታቀደ ዘመቻ ዋጋው በሕፃናት ሕይወት ሊከፈል እንደሚችል የሳሞዋ ታሪክ አሳይቶናል።